ፖለቲካው ሜዳ የገባው ትናንት አይደለም፦ ስለ ሱፐር ቦውል ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው መሆናቸውን ነግረውናል፤ ቁጣቸውም ከልብ ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነው ሱፐር ቦውል ድሮ ንጹህ ጨዋታ ነበር፤ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ግን ማስታወቂያውም የእረፍት ሰዓት ትርዒቱም የፖለቲካ መድረክ ሆኗል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፖለቲካ የሚሸት ማስታወቂያን ሁሉ ይከልክሉ፤ ዘፋኙም ዘፈኑን ዘፍኖ ይውረድ። ለዚህም በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ የሚባለውን የእኛኑ ልጅ አቤል ተስፋዬን አርአያ አድርገው ያቀርባሉ። በመጨረሻም እኛ ኢትዮጵያውያን ስፖርትንና ፖለቲካን ለይተን የምናውቅ ሕዝብ ነን ብለው ይደመድማሉ።

እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሱፐር ቦውልን በየዓመቱ ከልጆቼ ጋር እያየሁ ነው የኖርኩት። ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ። ዋናው ሐሳባቸው ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱም ቀላል አይደለም፤ «ፖለቲካ ይውጣ» በተባለ ቁጥር ከሜዳው ተገፍቶ የሚወጣው የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ ነውና። የሌላው ድምፅ ባለበት ይቀራል፤ ፖለቲካ መባሉም ይቀርና ወግ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ድሮ ንጹህ ነበር» ከሚለው ልጀምር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ወደ ኋላ ሄድ እንበል። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙርን በስፖርት ሜዳ የመዘመር ልማድ ሥር መስደድ የጀመረው በ1918 ነው። አገሪቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ቺካጎ ላይ በተደረገው የቤዝቦል ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በሰባተኛው ዙር መሐል ሰው እግሩን ሊያፍታታ ሲነሣ፣ የሙዚቃ ባንዱ መዝሙሩን መታ። ከባሕር ኃይል ፈቃድ አግኝቶ የመጣ አንድ ተጫዋች ፊቱን ወደ ሰንደቅ ዓላማው አዙሮ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፤ ሕዝቡም አብሮ ዘመረ። መዝሙሩ በሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ግን በ1931 ነው። ሜዳው ከሕጉ 13 ዓመት ቀድሟል፤ ያስቀደመውም ጦርነት ነው።

ሱፐር ቦውልም ቢሆን በዚያው ጎዳና የመጣ ነው። በጃንዋሪ 1985 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለሁለተኛ ዘመነ ሥልጣናቸው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት በዚያው ቀን፣ የጨዋታውን ሳንቲም ከዋይት ሐውስ ሆነው በቴሌቪዥን ወረወሩ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ገና ሁለተኛ ሳምንቱን እንደያዘ ታምፓ ላይ ዊትኒ ሂውስተን መዝሙሩን ስትዘምር ስታዲየሙን የሞላው ሰው በእጁ ትንንሽ ባንዲራ ያውለበልብ ነበር። ኤ.ቢ.ሲ ቴሌቪዥን በእረፍት ሰዓት ትርዒቱን ትቶ የጦርነት ዜና አስተላለፈ። በ2002 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ የዩቱ ባንድ ሲዘፍን ከኋላው በትልቅ ስክሪን የሴፕቴምበር 11 ሟቾች ስም ከታች ወደ ላይ ይፈስ ነበር። ያን ምሽት የዋይት ሐውስ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ቢሮ የገዛው ማስታወቂያም ተላልፏል፤ ዕፅ የሚገዛ ሰው ለአሸባሪዎች ገንዘብ እያቀበለ ነው የሚል። የሟቾቹ ስም ሲያልፍ ያለቀሰው ሰው በቅንነት ነው ያለቀሰው፤ እሱን አላቃልልም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ፖለቲካ አይደለም የሚለኝ ሰው ካለ ፖለቲካ ማለት ምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ ይገባል።

ጸሐፊው «ማንንም የማያስከፋ የሀገር ፍቅር» ሲሉ የሚናፍቁት ነገር አለ፤ ሜዳውን የሚሸፍነው ግዙፍ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከግዳጅ ተመልሶ በጭብጨባ የሚሞገሰው ወታደር፣ በሜዳው መሐል የሚደረገው የምልምሎች ቃለ መሐላ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የክርክራችን እምብርት ያለው እዚህ ነውና።

በኖቬምበር 2015 ሁለት የአሪዞና ሴናተሮች፣ ጆን ማኬይንና ጄፍ ፍሌክ፣ አንድ ሪፖርት አወጡ። ሁለቱም ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ማኬይን ደግሞ በቬትናም ከአምስት ዓመት በላይ በምርኮ የኖረ የባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። ሰንደቅ ዓላማን ይጠላል ሊባል የማይችል ሰው ነበር። ሪፖርቱ ያወጣው ጉድ ይህ ነው፦ የመከላከያ ሚኒስቴር ከስፖርት ቡድኖች ጋር የተፈራረማቸው 122 ውሎች ሲመረመሩ 72ቱ ለሀገር ፍቅር ሥነ ሥርዓት የሚከፈልባቸው ሆነው ተገኙ። ለወታደር የሚደረገው ሰላምታ ዋጋ አለው። ሰንደቅ ዓላማውን የመዘርጋቱ ሥራ ዋጋ አለው። በሜዳው ላይ የሚደረገው ቃለ መሐላም ዋጋ አለው። ከ2012 ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብቻ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል። ከፋዩ ግብር ከፋዩ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የቢሊየነር ንብረት የሆነው ቡድን።

እኔን የጎዳኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ለመከላከያ በጀት 6.8 ሚሊዮን ዶላር እፍኝ አይሞላም። የጎዳኝ መደበቁ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሥተው ያጨበጨቡት፣ ቡድኑ ከልቡ ተነሥቶ ወታደሩን ያከበረ መስሏቸው ነው። ወታደሩም ራሱ እንደዚያው ሳይመስለው አይቀርም። ቡድኑ ግን ሒሳቡን ለብሔራዊ ዘብ ልኮ ነበር። ዓላማውም ምልመላ ነው፤ አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ያን አይቶ እንዲመዘገብ። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የሆነው ኤን.ኤፍ.ኤል ራሱ ሒሳቡን አስመርምሮ በሜይ 2016 723,734 ዶላር መልሷል። ስህተት ባይኖርበት ኖሮ አይመልሱም ነበር።

ገንዘቡ በተመለሰ በሦስተኛው ወር፣ በኦገስት 2016፣ የሳን ፍራንሲስኮው ቡድን ተጫዋች ኮሊን ኬፐርኒክ መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጦ ታየ፤ ቆይቶም ተንበረከከ። ማንም አልከፈለውም። ይልቁንም በ2017 የቡድኑ ውል ካበቃ በኋላ የቀጠረው ቡድን የለም። የጸሐፊው ጽሑፍ «ፖለቲካን ሜዳ ያስገባ» ሲል የሚወነጅለው ይህንን ሰው ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት የቆመው ወግ ሲባል፣ እንጀራውን አጥቶ የተንበረከከው ፖለቲከኛ ይባላል። ሚዛኑ ልክ አይደለም።

ወደ ማስታወቂያው ልለፍ። ጸሐፊው በ2020 ዶናልድ ትራምፕና ማይክል ብሉምበርግ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተው 60 ሰከንድ መግዛታቸውን ያነሡና፣ ጣቢያዎቹ ለምን እንዲህ ዓይነቱን «አይሆንም» አይሉም ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት አንድ ሕጋዊ ዕጩ ተወዳዳሪ የገዛውን ማስታወቂያ ጣቢያው ሳንሱር ማድረግ አይችልም፤ ለፌዴራል ሥልጣን የሚወዳደሩትንም ከነጭራሹ በሩን ሊዘጋባቸው አይፈቀድለትም። ጣቢያው እንደ ልቡ ሊቀበልም ሊጥልም የሚችለው ከተወዳዳሪ ያልመጣውን ነው፤ የድርጅቶችን፣ የማኅበራትን፣ የኩባንያዎችን። ይህንን በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። እንግዲህ የጸሐፊው «ሁሉንም ይከልክሉ» ሥራ ላይ ቢውል ትልቁ ፖለቲከኛ እንዳለ ይቀራል፤ የሚከለከለው ተራው ማኅበር ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ ሆኖ ታይቷል። በ2004 ሙቭ ኦን የተባለው ድርጅት አንድ ማስታወቂያ አዘጋጀ። ትንንሽ ልጆች በፋብሪካና በጽዳት ሥራ ሲደክሙ ይታያሉ፤ የፕሬዚዳንት ቡሽን የበጀት ጉድለት ማን የሚከፍለው ይመስላችኋል የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሲ.ቢ.ኤስ ቴሌቪዥን አከራካሪ ጉዳይ አናስተላልፍም ብሎ መለሰው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ የተባለው ፅንስ ማስወረድን የሚቃወም ድርጅት ከእግር ኳስ ተጫዋቹ ከቲም ቲቦና ከእናቱ ጋር የሠራውን ማስታወቂያ ያው ሲ.ቢ.ኤስ ተቀበለ፤ መመሪያችን ተሻሽሏል አለ። በዚያው ዓመት የአንድ የግብረ ሰዶማውያን መተዋወቂያ ድረ ገጽ ያቀረበውን ማስታወቂያ ግን አልተቀበለም። ለቲቦ እናት ክብር አለኝ፤ ማስታወቂያውም ጨዋ ነበር። የእኛ ወገን ብዙው ከሙቭ ኦን ይልቅ ለእሳቸው እንደሚያደላም አውቃለሁ። የምለው ሌላ ነው፦ «አከራካሪ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ዛሬ ለእርስዎ ያደላ ነገ ለሌላ ያደላል።

አንዱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ነው። ማግስቱ የነነዌ ጾም ይገባ ስለነበር አሌክሳንድሪያ ያለ ወዳጃችን ቤት ሥጋው በዝቷል፤ ጥብሱም ክትፎውም ቀርቧል፣ ለልጆቹ የዶሮ ክንፍ ተገዝቷል። ጨዋታውን አጥብቀው የሚከታተሉት ልጆቹ ናቸው፤ እኛ ትልልቆቹ ወሬ ላይ ነን። ወሬያችንም አንድ ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የሰባት አገሮችን ዜጎች ያገደውን ትእዛዝ ከፈረሙ ዘጠኝ ቀናቸው ነው፤ ሱዳንና ሶማሊያ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ቀጥሎ ኤርትራ ትጨመር ይሆን፣ እኛስ እያልን ነው። ከመካከላችን ከብራዚል ተነሥቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል የገባ አንድ ወጣት ነበር። ጸጥ ያለ ልጅ ነው፤ ስለ መንገዱ ሲጠየቅም «አለፈ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ማስታወቂያው መጣ። 84 ላምበር የተባለ የፔንሲልቫኒያ እንጨት ሻጭ ኩባንያ ነው። አንዲት እናትና ትንሽ ልጇ ጓዛቸውን ይዘው ሲጓዙ፣ ጭነት መኪና ላይ ሲሳፈሩ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ይታያል። ልጅቱ ከመንገዱ የወዳደቀ ቁርጥራጭ እየለቀመች ታስቀምጣለች። ወሬያችን ቆመ። ወጣቱ ሣህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስረዝሟል። መጨረሻው ሊመጣ ነው ስንል ማስታወቂያው አለቀ፤ የቀረውን በድረ ገጻችን እዩ አለ። «ከዚያስ?» አለ ወጣቱ። አንዱ በስልኩ ሊከፍት ሞከረ፤ ድረ ገጹ በሰው ብዛት ተጨናንቆ አልከፍት አለ። ልጁ «ከዚያስ?» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው የተከፈተው። እናትና ልጅ ትልቅ የግንብ አጥር ጋ ይደርሳሉ፤ ልጅቱ ከለቀመችው ቁርጥራጭ የሠራችውን የአሜሪካ ባንዲራ ታወጣለች፤ ኋላም ግንቡ ላይ የተሠራ ትልቅ የእንጨት በር ያገኛሉ። ወጣቱ ስልኩን ተቀብሎ ብቻውን ወደ ኮሪደሩ ሄደና ደግሞ አየው።

ያንን ግንብ የቆረጠው ጨዋታውን ያስተላለፈው ፎክስ ቴሌቪዥን ነው፤ አከራካሪ ነው ብሎ። የኩባንያዋ ባለቤት ራሷ ለትራምፕ ድምፅ የሰጠች ሴት ናት፤ ስለዚህ የአንድ ፓርቲ ቅስቀሳ ነበር ማለትም አይቻልም። በዚያው ምሽት የባድዋይዘር ቢራ ኩባንያ መሥራቹ አዶልፈስ ቡሽ ከጀርመን ተሰድዶ የመጣበትን ታሪክ ያለ አንዳች ቁራጭ አስተላለፈ። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ስደተኛ እንዲደርስ ተፈቀደለት፤ የዛሬዋ እናት ግን መንገድ ላይ ቀረች። ጸሐፊው ይህንን «ጣቢያው ገለልተኛነቱን የጠበቀበት» ብለው ያሞግሱታል። እኔ ያን ልጅ «ከዚያስ?» ሲል ስለሰማሁት ማሞገስ አልችልም።

አሁን የምስማማበትን ልናገር፤ ጸሐፊው ኩባንያዎች የሕዝብን ቁስል ለሽያጭ ይጠቀሙበታል ብለው ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም አላጠነከሩትም። በ2018 ራም የተባለው የፒክአፕ መኪና ማስታወቂያ የማርቲን ሉተር ኪንግን ድምፅ ከጭነት መኪና ምስል ጋር አዋሕዶ አቀረበ። ስብከቱ የተሰበከው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 አትላንታ በኤበነዘር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጨዋታው የተደረገው ልክ በሃምሳኛ ዓመቱ በዚያው ቀን። ስለ አገልግሎት የተናገሩትን ወሰዱ። ነገር ግን ዶክተር ኪንግ በዚያው ስብከት ላይ፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው፣ ስለ ማስታወቂያ ሠሪዎች ያስጠነቅቃሉ፤ ጎረቤትህን ለማስቀናት ይህንን መኪና መንዳት አለብህ እያሉ ከአቅምህ በላይ ያስገዙሃል ይላሉ። ከሁለት ወር በኋላ የተገደለ ሰው የተናገረውን መርጦ ቆርጦ፣ እሱ ራሱ ላወገዘው ነገር ማዋል ነውር ነው። የውርስ መብቱን የሚያስተዳድረው አካል መፍቀዱም ነውሩን አያነሣውም።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ፖለቲካ ይከልከል» አይደለም። የራም ማስታወቂያ ጥፋቱ ፖለቲካ መሆኑ ሳይሆን ፖለቲካውን ሰልቦ መኪና ማሻሻጫ ማድረጉ ነው። የጸሐፊው መመሪያ ቢተገበር ደግሞ ይህ በቀላሉ ያልፋል፤ «ማንንም አያስከፋም» ይባላልና።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ማን እንደከፈለ ይነገረን። በ2002 በወጣው የምርጫ ገንዘብ ሕግ ምክንያት ተወዳዳሪው በራሱ አንደበት «ይህን መልእክት አጽድቄአለሁ» ይላል። ያንን ሕግ ከፊት ሆነው ካረቀቁት አንዱ ያው ጆን ማኬይን ነው። ሴናተሩ በ2002 ለማስታወቂያው፣ በ2015 ደግሞ ለሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹ ከፋዩን ይወቅ። ትራምፕና ብሉምበርግ በ2020 የገዙት ደቂቃ ላይ ስማቸው አለበት፤ ደስ ባይለኝም ማን እያናገረኝ እንደሆነ አውቄ ነው ያየሁት። ከ2015 በፊት በሜዳው ላይ የተዘረጋው ባንዲራ ግን የከፋይ ስም አልነበረበትም። ከሁለቱ የትኛው ተመልካቹን የናቀ ነው?

ስለ ዘፋኞቹ። ጸሐፊው ቢዮንሴን በ2016፣ ኬንድሪክ ላማርን በ2025፣ ባድ ባኒን በ2026 ይጠቅሱና «ተጋብዘው የጋባዡን ቤት የሚሰድቡ» ይላሉ። መጀመሪያ ነገር፣ በዚያ መድረክ ላይ ጋባዡ ያላየው ነገር የለም። ልብሱ፣ ቃሉ፣ ዳንሱ ሁሉ በልምምድ ታይቶ ነው የሚያልፈው። ሊጉ ለዘፋኙ ደመወዝ አይከፍልም፤ የዝግጅቱን ወጪ ግን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የሚከፍልበትን ያውቃል። የቢዮንሴ ዳንሰኞች ጥቁር ቤሬት አድርገው የወጡት ሳንታ ክላራ ላይ ነው፤ ለጥቁሮች መብት የታገለውና ጥቁር ቤሬት መለያው የነበረው ብላክ ፓንተር ፓርቲ በ1966 ከተመሠረተባት ከኦክላንድ ብዙም ሳይርቅ፣ በሃምሳኛ ዓመቱ። ኬንድሪክ ዳንሰኞቹን በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ አልብሶ ሰንደቅ ዓላማ ሠራቸው፤ ተዋናዩ ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን የአሜሪካ ምሳሌ የሆነውን አንክል ሳምን ሆኖ እየወጣ ጩኸትህ በዛ፣ በእርግጥ ጨዋታውን ታውቅበታለህ? እያለ ሲገስጸው ታየ። አንክል ሳም የተናገረው የጸሐፊያችንን ክርክር ራሱን ነው፤ ኬንድሪክ መልሱን አስቀድሞ በመድረኩ ላይ ሰጥቶበታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕም ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ፤ በሥልጣን ላይ እያለ ሱፐር ቦውልን በአካል የታደመ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው።

ያን ምሽት ጋባዡ ያልፈቀደው አንድ ነገር ተከስቷል፤ ጸሐፊው ግን አላነሡትም። ከአራት መቶ ያህሉ የሜዳ ተሳታፊዎች አንዱ የሱዳንንና የፍልስጥኤምን ባንዲራ አንድ ላይ የሰፋበትን ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋ፤ «ሱዳን» እና «ጋዛ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጥበቃዎች አባርረው ያዙት። ኤን.ኤፍ.ኤል ከሁሉም ስታዲየሞቹ ዕድሜ ልኩን አገደው። የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ድንበራችን ላይ ያለ ጦርነት ነው፣ መተማና ኩርሙክ ላይ የሚሸሹትን የተቀበልነው እኛው ነን። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሱዳን ስትጠራ ስንት ጊዜ ሰምተናል? የልጁን መንገድ ሁሉም ላይወደው ይችላል። እኔ ግን ያን ስም እዚያ ሜዳ ላይ ማየቴ አስለቅሶኛል።

በስፓኒሽ የሚዘፍነውን የፖርቶ ሪኮ ልጅ ባድ ባኒን በተመለከተ «የውጭ አገር ሰው በውጭ ቋንቋ» የሚለውን አነጋገር ጸሐፊው ቢያርሙት እመኛለሁ። ፖርቶ ሪኮዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። እዚያው ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት የላቸውም። ግብዣው በሴፕቴምበር 2025 እንደተነገረ ጉዳዩን ፖለቲካ ያደረገው ማን ነው? በወቅቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቲ ኖም የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በስታዲየሙ እንደሚኖሩ ተናገሩ፤ ፕሬዚዳንቱም ምርጫውን አጣጣሉት። ዘፋኙ ገና አንዲት ቃል አልዘፈነም። ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት የምንወስድ ሰዎች ሌላው በእናቱ ቋንቋ ሲዘፍን ስድብ አድርገን ልንቆጥረው አይገባም።

«ተመልካቹ ሰልችቶት ሸሽቷል» የሚለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመለሳል፦ የ2025ቱን ጨዋታ 127.7 ሚሊዮን ሰው፣ የኬንድሪክን ትርዒት ደግሞ 133.5 ሚሊዮን ሰው አይቶታል።

ወደ አቤል ልምጣ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ታምፓ ላይ የወጣው ልጅ ቶሮንቶ የተወለደ፣ አያቱ አማርኛ እያናገሩ ያሳደጉት የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው። ከኪሱ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ያህል ጨምሮ ትርዒቱን አሳመረ። እኔም እንደ ጸሐፊው ኩራት ተሰምቶኛል፤ ልጆቼ «አማርኛ ይችላል?» ብለው ሲጠይቁኝ የተሰማኝን አልረሳውም። በትርዒቱ ውስጥ ፖለቲካ አላስገባም፤ ምርጫው ነው፤ አከብረዋለሁ።

ነገር ግን አቤልን «ዘፍኖ የወረደ» ብሎ ማቅረብ ልጁን አለማወቅ ነው። ከዚያ ጨዋታ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ለጥቁሮች መብት ለሚታገሉ ድርጅቶች ሰጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ 200 ሺሕ ዶላሩ የሄደው ኮሊን ኬፐርኒክ ወዳቋቋመው የሕግ ድጋፍ ነው። ጸሐፊው የሚወነጅሉትን ሰው አርአያ ያደረጉት ልጅ በገንዘቡ ደግፎታል። ከጨዋታው ሁለት ወር በኋላ ደግሞ በአገራችን ጦርነት ለተራቡ ወገኖች አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ያኔም ከእኛው መካከል «ዘፋኝ ነው፣ ምን አገባው» ያሉ ነበሩ። የዚያ ምሽት ሱፐር ቦውልም ቢሆን ከፖለቲካ ነጻ አልነበረም። ወጣቷ ገጣሚ አማንዳ ጎርማን በፕሬዚዳንት ባይደን በዓለ ሢመት ላይ ባነበበች በሦስተኛው ሳምንት እዚህም ግጥም አነበበች። 7,500 የተከተቡ የጤና ባለሙያዎች ተጋብዘው መቀመጫውን ይዘዋል፤ ክትባት በራሱ በዚያ ወቅት አገር የሚከፍል ጉዳይ ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። እኛ ስፖርትና ፖለቲካን የለየን ሕዝብ ነን?

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ከውድድሩ ወጣች። ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው በ1987 ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሩም አፓርታይድ ወደ ኳስ ሜዳ እንዳይመለስ እስከ ፊፋ ድረስ ተሟግተዋል። የዚያን ጊዜ «ኳስን ለኳስ ተዉት» ይሉ የነበሩት የነጮቹ ማኅበር ወዳጆች ናቸው። ይድነቃቸው እሺ ብለዋቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በስማቸው አንኮራም ነበር።

በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ከተፎካካሪው የተለየው የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞበት የነበረው አካባቢ ሲደርስ ነው። ሐውልቱ ፋሽስቶች በ1937 ዘርፈው የወሰዱት ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና 24 ዓመቱ ነበር። አባቴ ያን ታሪክ ሲነግረኝ ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብሎ አልጀመረም፤ «ሐውልቱ ጋ ሲደርስ» ብሎ ነው የጀመረው።

ኦገስት 21 ቀን 2016 ደግሞ ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። አንዳንዶቻችን አለቀስን፣ አንዳንዶቻችን ተቆጣን፤ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ተለያይተናል። እሱ ግን ምን እንደሚጠብቀው አውቆ አደረገው፤ ሁለት ዓመት ከአገሩ ርቆ ኖረ፤ የተመለሰው በኦክቶበር 2018 ነው። ፈይሳ እጁን ባጣመረ በአምስተኛው ቀን ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ኮሊን ኬፐርኒክ መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስተዋለ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸውም የተለያየ ነው። ሁለቱም ግን ማንም ሳይከፍላቸው፣ ካሜራው እነሱ ላይ ባረፈባት ቅጽበት፣ ወገኖቻችን እየተገደሉ ነው አሉ።

ጸሐፊው ስለ ኬፐርኒክ ሦስት አንቀጽ ጽፈዋል። የፈይሳን ስም ግን አንድም ቦታ አላነሡም። ቢያነሡት ኖሮ ያ የመጨረሻ አንቀጻቸው እንዴት ይጻፍ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ መልስ ከጻፉ አነባለሁ።